የቡርቃን ወንዝ ለማጥራት የደከሙት የወይዘሮ አሰፋሽ ኃይለየሱስ የሕይወት ታሪክ (1952–2018 ዓ.ም.)

ወይዘሮ አሰፋሽ ኃይለየሱስ ከአባታቸው ከአቶ ኃይለየሱስ ወልደሰንበት እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ብርሃነሽ ተሰማ በአርሲ፣ በዶዶታ ወረዳ፣ በዴራ ከተማ ጥቅምት 12 ቀን 1952 ዓ.ም. ተወለዱ። አባታቸው በወጣትነታቸው ከሶዶ ጉራጌ መጥተው ዴራ መንገድ ዳር ጨው፣ ገመድና ላምባ የሚሸጡበት ሱቅ የከፈቱ ሰው ነበሩ። ወይዘሮ አሰፋሽ ከስድስት ልጆች ሁለተኛዋ ሲሆኑ፣ ከትምህርት ቤት መልስ በሱቁ ውስጥ ይሠሩ ነበር። ኦሮምኛን የተማሩት እዚያው ከገጠር ከሚመጡ ደንበኞች ጋር ነው። አማርኛን፣ ኦሮምኛንና የቤታቸውን ክስታንኛ አጣርተው ይናገሩ ነበር፤ ሲናደዱ ግን ሦስቱን ይደባልቋቸዋል።

የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርታቸውን በዴራ ተከታትለው በ1965 ዓ.ም. አክስታቸው ዘንድ ተቀምጠው ለመማር ወደ አሰላ መጡ። በ1970 ዓ.ም. አሥራ ሁለተኛ ክፍልን አጠናቀቁ። ከዚያም አዲስ አበባ የላቦራቶሪ ቴክኒሻንነት ሙያ ተምረው በ1973 ዓ.ም. በዲፕሎማ ተመረቁ። የመጀመሪያ ምድባቸው አቦምሳ ነበር። ቆላማ አገር በመሆኑ የወባ በሽተኛ የሚበዛበት ቦታ ነው፤ በመኸር ወቅት በቀን እስከ ሰማንያ የደም ናሙና በማይክሮስኮፕ ያዩ እንደነበር አብረዋቸው የሠሩ ይመሰክራሉ። አቦምሳን አራት ዓመት አገልግለው በ1977 ዓ.ም. ወደ አሰላ ተዛወሩ።

ጥር 12 ቀን 1978 ዓ.ም. በብቅል ፋብሪካ በመካኒክነት ይሠሩ ከነበሩት ከአቶ ፈቃደ ደምሴ ጋር ጋብቻ ፈጸሙ። በ1979 ዓ.ም. ልጃቸውን ይስሃቅን፣ በ1983 ዓ.ም. ደግሞ ልጃቸውን ፅዮንን ወለዱ። በቤታቸው ሥርዓት የሚወዱ፣ ቀጠሮ የማያዛንፉ፣ ፎቶ መነሣት ግን ፈጽሞ የማይወዱ እናት ነበሩ። በዚህ ጽሑፍ ሽፋን ላይ ያለው ፎቶ ለጡረታ መታወቂያ የተነሡት ነው፤ ሌላ ፈልገን አጥተናል።

ከ1990 ዓ.ም. ጀምሮ በሥራ ቦታቸው የመጠጥ ውሃ ናሙና መመርመሪያ ክፍል ውስጥ ተመድበው ሠሩ። ከዚህ በኋላ ያለውን የሕይወታቸውን ክፍል ለመረዳት ስለ ቡርቃ ጥቂት መናገር ያስፈልጋል።

ቡርቃ ከአሰላ በስተምሥራቅ ያለ ደጋማ ቀበሌ ነው። ሰዎቹ ገብስና ስንዴ ያርሳሉ፣ ከብት ያረባሉ። በስሙ የሚጠራው ወንዝ ከላይ ካለው ተራራ ተነሥቶ በመንደሩ መሐል ያልፋል። በ1988 ዓ.ም. አንድ የግል ኩባንያ በዚሁ ተራራ ላይ ወርቅ ማውጣት ጀመረ። ተራራውን በዋሻ ቦርቡረው፣ ድንጋዩን ፈጭተው፣ ወርቁን ለይተው፣ የተረፈውን የተፈጨ ድንጋይ ከዋሻው አፍ በታች ቆለሉት። ስምንት ዓመት ሠርተው በ1996 ዓ.ም. ማሽናቸውን ጭነው ሄዱ። ዋሻውን አልደፈኑም፣ ክምሩንም አልሸፈኑም። ዝናቡ በክምሩ ላይ እየወረደ፣ የተራራው ውሃም በዋሻው እየወጣ ወደ ቡርቃ መግባት ጀመረ።

በ1998 ዓ.ም. የቀበሌው ሰዎች ከወንዙ በቧንቧ ስበው ቦኖ ለማሠራት ሲነሡ የውሃው ናሙና ወይዘሮ አሰፋሽ ወደሚሠሩበት ላቦራቶሪ መጣ። በዚያን ጊዜ የሚመረመረው ጀርም ብቻ ነበር። በናሙናው ውስጥ አንድም ጀርም አልተገኘም፤ ውሃውም ኩልል ያለ ነበር። ወይዘሮ አሰፋሽ «ለመጠጥ ተስማሚ ነው» የሚል ደብዳቤ ፈርመው ሰጡ። ከናሙናው ጋር በመጣው ወረቀት ላይ «ከወርቅ ማውጫው በታች የተቀዳ» ተብሎ ተጽፎ ነበር። አንብበውታል፤ ግን ምንም አልጠየቁም።

ይህን እኛ ቤተሰቦቻቸው ልንተወው እንችል ነበር። ነገር ግን የሕይወት ታሪካቸው ሲጻፍ እንዳይቀር ራሳቸው አዝዘዋል። ይህን ያዘጋጀው ታናሽ ወንድማቸው አሳምነውም የታዘዘውን ጽፏል።

በጥር ወር 2004 ዓ.ም. ወይዘሮ ሰኪና የሚባሉ የቡርቃ ገበሬ አንድ ጀሪካን ውሃ ይዘው አሰላ ድረስ መጡ። ከጀሪካኑ ጋር በፌስታል የተጠቀለለ የዚያ ደብዳቤ ቅጂ ይዘው ነበር። በሁለት ዓመት ውስጥ አምስት ላሞቻቸው ጽንስ አስወርደዋል። የባለቤታቸው መዳፍና ውስጥ እግር እንደ ቅርፊት ጠጥሯል፣ ደረታቸው ላይም ጥቋቁር ነጠብጣብ ወጥቶባቸዋል፤ ቅባት ቢሰጣቸውም አልተሻላቸውም። ወንዙ ከመንደሩ በላይ ሌላ ጅረት የሚቀላቀልበት ቦታ ላይ ድንጋዩ ሁሉ የዛገ ብረት መስሏል። ሰው ግን ውሃው ኮምጠጥ ማለቱን እንደ ማዕድናማው ሆራ ውሃ ቆጥሮት፣ ወረቀትም ስላለው፣ መጠጣቱን አላቆመም። ወይዘሮ ሰኪና ይህን ሁሉ በኦሮምኛ ከተናገሩ በኋላ ደብዳቤውን ጠረጴዛው ላይ ዘረጉት።

«ይህን የፈረመው ሰው አሁንም እዚህ ይሠራል?» አሉ።

«እኔ ነኝ። ይቀመጡ» አሏቸው ወይዘሮ አሰፋሽ።

በዚያው ሰዓት ውሃውን በአሲድ መለኪያ ወረቀት ነከሩት። ወረቀቱ የሎሚ ጭማቂ የነካው ያህል ቀላ። የቀረውን አሽገው ብረታ ብረት ወደሚመረመርበት ላቦራቶሪ አዲስ አበባ ላኩት። ውጤቱ በስድስተኛው ሳምንት መጣ፤ በውሃው ውስጥ ያለው አርሴኒክ ለመጠጥ ውሃ ከሚፈቀደው በብዙ እጥፍ ይበልጥ ነበር። አርሴኒክ ጣዕምም ሽታም የሌለው፣ ቀስ በቀስ ሰውን የሚጎዳ መርዝ ነው።

አንድ ኃላፊያቸው የቀድሞውን ደብዳቤ ሳያነሡ አዲስ ደብዳቤ እንዲጽፉ፣ ሰዉም በጊዜ ብዛት እንደሚረሳው መከሯቸው። ወይዘሮ አሰፋሽ ምክሩን አልተቀበሉም። በቀጣዩ ዓርብ ወደ ቡርቃ ሄደው ሰዉ ከመስጊድ እስኪወጣ ጠበቁ። ከዚያም ከሽማግሌዎቹ ፈቃድ ጠይቀው ወንዱም ሴቱም ባለበት በኦሮምኛ ተናገሩ። ቃላቸውን የሰሙ ሰዎች እንዲህ ብለው ነግረውናል፦

«ወረቀቱን የፈረምኩት እኔ ነኝ። በውሃው ውስጥ ጀርም አላገኘሁም። ጀርም ያልነበረው ግን ውሃው ንጹሕ ስለሆነ ሳይሆን ጀርም እንኳ የማይኖርበት ስለሆነ ነው። መጠየቅ ነበረብኝ፤ አልጠየቅኩም። ከዛሬ ጀምሮ አትጠጡት፣ ለልጆቻችሁም አትስጡ።»

አንዳንዶች ጥለው ሄዱ፤ ከእነዚያም ውስጥ እስከ መጨረሻው ያላናገሯቸው አሉ። በመጨረሻ የመንደሩ ሽማግሌ አቶ ኢርሻድ ተነሥተው፣ «ሰማንሽ። አሁን የምንጠጣውን አሳዪን» አሏቸው።

ከዚያች ቀን በኋላ ወይዘሮ አሰፋሽ በሚጽፉት የምርመራ ውጤት ሁሉ ላይ «ያልተመረመሩ ነገሮች» የሚል መስመር ከታች ያስገቡ ነበር። አለቆቻቸው ይህ መስመር ሰውን ያስፈራል ብለው ሁለት ጊዜ አስወጡት፤ ሁለቱንም ጊዜ በእጅ ጽፈው መለሱት።

የሚጠጣ ውሃ የተገኘው ከወንዙ ማዶ፣ ወርቅ ማውጫው ከሌለበት ተራራ ሥር ካለች ትንሽ ምንጭ ነው። ወይዘሮ አሰፋሽ ምንጯን በበጋም በክረምትም አስመርምረው ካረጋገጡ በኋላ ቀበሌውና ወረዳው ተባብረው ወደ ሁለት ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ቧንቧ ዘረጉ። በሰኔ ወር 2005 ዓ.ም. ቦኖው ተከፈተ። የወይዘሮ ሰኪና ባለቤት ከዚያ ውሃ የጠጡት ለሁለት ወር ብቻ ነው። በነሐሴ ወር አረፉ። ወይዘሮ አሰፋሽ ለቅሶው ላይ ሦስት ቀን ተቀመጡ። በመጀመሪያው ቀን ወይዘሮ ሰኪና ቀና ብለው አላዩአቸውም። በሦስተኛው ቀን፣ ሰዉ ሲበተን፣ «ወንዙስ እንዲሁ ሊቀር ነው?» ብለው ጠየቋቸው።

ወይዘሮ አሰፋሽ ይህን ጥያቄ ይዘው ወደ አሰላ ተመለሱ። በዚያ ሰሞን እንቅልፍም ምግብም እንዳልነበራቸው፣ ከሰውም መራቃቸውን እናስታውሳለን። ለንስሐ አባታቸው ተናዝዘው የታዘዙትን ስግደት ፈጸሙ። ከዚያ በኋላም ግን «ስግደቱ ለእኔ ነው፤ ወንዙ እንደሆነ እዚያው ነው» ይሉ ነበር።

ኩባንያውን ለማግኘት በርካታ ደብዳቤዎች ተጽፈው፣ በአድራሻው የሚገኝ ሰው የለም ተብለው ተመለሱ። በጥቅምት 2007 ዓ.ም. ሃምሳ አምስት ዓመት እንደሞላቸው ወይዘሮ አሰፋሽ በፈቃዳቸው ጡረታ ወጡ። ባለቤታቸው አቶ ፈቃደ አልተስማሙም ነበር። ሠላሳ ዓመት ሠርተሽ የማረፊያሽን ጊዜ ሌላ ሰው የቆፈረው ጉድጓድ ውስጥ ልትጨርሺው ነው ወይ ብለው ተቆጡ። ወይዘሮ አሰፋሽ የፕላስቲክ ቦቲያቸውን አድርገው፣ ነጠላቸውን በወገባቸው አስረው፣ ሰኞ ጠዋት ሄዱ። ዓርብ ማታ ተመለሱ። ለሚቀጥሉት ዘጠኝ ዓመታት ያህል ሳምንታቸው እንዲህ ሆነ፤ በቡርቃ የሚያድሩት መጀመሪያ በጤና ኬላው ክፍል፣ በኋላ ግን በወይዘሮ ሰኪና ቤት ነበር።

በአሰላ ኬሚስትሪ የሚያስተምሩት መምህር ሰሚር የሥራ ባልደረባቸው ሆኑ። መምህር ሰሚር እንዳስረዷቸው፣ በተራራው ድንጋይ ውስጥ ያለው ማዕድን አየርና ውሃ ሲያገኘው አሲድ ይሆናል፤ አሲዱም ከድንጋዩ ብረትና አርሴኒክ አሟሙቶ ይዞ ይወጣል። መድኃኒቱ የኖራ ድንጋይ ነው። ውሃው በኖራ ድንጋይ መሐል ካለፈ የአሲዱ ኃይል ይበርዳል፤ ብረቱ እንደ ዝገት ሆኖ ሲዘቅጥ አርሴኒኩን ይዞት ይወርዳል። ደጋው ላይ ገበሬዎች ለኮመጠጠ መሬት ኖራ መበተን ያውቁ ስለነበር ነገሩ ለቡርቃ ሰዎች እንግዳ አልሆነባቸውም። አቶ ኢርሻድ «ማሳውን ያከምነውን ያህል ወንዙን እናክም ማለት ነው» ብለው በአጭሩ ተረጎሙት።

በመጀመሪያው ዓመት ከክምሩ በላይ የዝናብ ውሃ የሚያስቀይስ ቦይ ተቆፈረ። ክምሩም በሸክላ አፈር ተሸፍኖ ሣር ተተከለበት። በሁለተኛው ዓመት ከዋሻው አፍ ጀምሮ የኖራ ድንጋይ የሞላበት ቦይ፣ ከሥሩም ውሃው የሚጠራባቸው ሦስት ኩሬዎች ተሠሩ። የወረዳው ጽሕፈት ቤት መኪና ሰጠ፤ ድንጋዩን ያወረደውና የደረደረው ግን የቀበሌው ሰው ነው፣ ከእያንዳንዱ ቤት አንድ ሰው እየወጣ።

ሥራው ለአምስት ወር ያህል ውጤት አሳየ። በስድስተኛው ወር ውሃው እንደገና አሲድ ሆነ። ዝገቱ የኖራውን ድንጋይ እንደ ቅርፊት ሸፍኖት ውሃው ድንጋዩን መንካት አቅቶት ነበር። ወይዘሮ አሰፋሽ ይህን ለሕዝቡ የነገሩት በዚያው መስጊድ ደጅ ነው። ጥፋቱ የእርሳቸውና የመምህር ሰሚር መሆኑን፣ ድንጋዩም አየር በማያገኘው መንገድ መሬት ውስጥ መቀበር እንደነበረበት ተናገሩ። ያንን ሁሉ ድንጋይ አውጥቶ እንደገና መቅበር ሊኖር ነው። ጥቂት ሰዎች ከእንግዲህ አንወጣም አሉ። በማግሥቱ ጠዋት አካፋ ይዘው ቀድመው የተገኙት ወይዘሮ ሰኪና ነበሩ።

አቶ ፈቃደ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ቡርቃ የወጡት በዚህ ጊዜ ነው። ባለቤታቸው በሃምሳ ሰባት ዓመታቸው ጭቃ ውስጥ ቆመው ድንጋይ ሲያቀብሉ አዩ። የዋሻውን አፍ ዙሪያውን ለክተው ወደ አሰላ ተመለሱ፤ በሦስተኛው ሳምንት ከብረት የተበየደ መዝጊያ ከነውሃ መቆጣጠሪያው አሠርተው ይዘው መጡ። ያ መዝጊያ አየር ወደ ዋሻው እንዳይገባ አድርጎ እስከ ዛሬ ይሠራል።

በነሐሴ 2010 ዓ.ም. ከባድ ዝናብ ጥሎ ሁለተኛው ኩሬ ተደረመሰ፤ ቀዩ ዝቃጭ የአሥራ አንድ ሰዎች የገብስ ማሳ ላይ ፈሰሰ። ከሁሉም የከፋው ጊዜ ይህ ነበር። ማሳቸው የተበላሸባቸው ሰዎች ሥራው እንዲቆም ጠየቁ፤ ተገቢም ነበር። ወይዘሮ አሰፋሽ ቤት ለቤት እየሄዱ ይቅርታ ጠየቁ። ዝቃጩ ከማሳው ላይ በአካፋ ተጠርጎ፣ ከመንደር ርቆ ወለሉ በሸክላና በፕላስቲክ በተሠራ ጉድጓድ ውስጥ ተቀበረ። ሥራው ሁለት ወር ተኩል ፈጀ። ኩሬው በድንጋይ ግንብ ታንጾ ትርፍ ውሃ የሚወጣበት መንገድ ተበጀለት። በኩሬዎቹ ዳር ፊላ የሚባለው የረግረግ ሣር ተተከለ፤ ሥሩ ውሃውን እያዘገየ ዝገቱ እንዲዘቅጥ ያደርጋል። ከዚያ ወዲህ ኩሬ አልተደረመሰም።

ለውጡ ቀስ ብሎ መጣ። በ2012 ዓ.ም. የወንዙ ድንጋይ ቀይነቱ እየለቀቀ ሄደ። በ2014 ዓ.ም. የውሃው አሲድነት ጤናማ ወንዝ ካለው ጋር ተቀራረበ፤ አርሴኒኩም ለከብት ከሚፈቀደው በታች ወረደ። በ2015 ዓ.ም. ክረምት መውጫ ላይ ከኩሬዎቹ በታች እንቁራሪት ተሰማ። ወይዘሮ ሰኪና ለወይዘሮ አሰፋሽ ስልክ ደውለው ምንም ሳይናገሩ ስልኩን ወደ ወንዙ አዞሩት። ወይዘሮ አሰፋሽ በመጀመሪያ የመስመር ብልሽት መስሏቸው ነበር። ነገሩ ሲገባቸው ስልኩን ሳይዘጉ ብዙ ከማልቀሳቸው የተነሣ አቶ ፈቃደ ሰው የሞተ መስሏቸው ከጓሮ ሮጠው ገቡ።

ከብቶች ዛሬ ከቡርቃ ይጠጣሉ፤ ማሳም ይጠጣል። ሰው እንዲጠጣው ግን ወይዘሮ አሰፋሽ እስከ መጨረሻው አልፈቀዱም።

ከ2016 ዓ.ም. አጋማሽ ጀምሮ የልብ ድካም ሕመም አገኛቸው። ተራራ መውጣት ቢከለከሉም በወር አንድ ጊዜ እየሄዱ የውሃውን መለኪያ ያነቡ ነበር። በዚያው ጊዜ ከቀበሌው ሁለት ሴቶችና ሦስት ወንዶች መርጠው መለካትን፣ መመዝገብንና ዝቃጭ መጥረግን አስተማሩ። በ2017 ዓ.ም. ሕመሙ ስለጸናባቸው በአሰላና በአዲስ አበባ ሲታከሙ ቆዩ። ልጃቸው ፅዮን ሥራዋን ትታ አስታማቸዋለች፤ ሐኪሞቹና ነርሶቹም ብዙ ደክመውላቸዋል።

ኅዳር 20 ቀን 2018 ዓ.ም. ወይዘሮ ሰኪና ከአቶ ኢርሻድ ጋር ሊጠይቋቸው መጡ። ወይዘሮ አሰፋሽ መናገር ይከብዳቸው ነበር፤ ቢሆንም የተቀበረው ድንጋይ ከግንቦት በፊት ተከፍቶ መታጠብ እንዳለበት፣ ሦስተኛው ኩሬም ከዝቃጭ ሳይጸዳ ክረምት እንዳይገባበት እያቋረጡ ተናገሩ። ወይዘሮ ሰኪና እጃቸውን ይዘው እስኪጨርሱ ጠበቁ።

«እናውቀዋለን፤ አስተምረሽናል። አሁን አንቺ እረፊ» አሏቸው።

ወይዘሮ አሰፋሽ ከዚያ በኋላ ስለ ውሃው አላነሡም። የቀሩትን ሦስት ቀናት ከባለቤታቸውና ከልጆቻቸው ጋር፣ ስለ ዴራው ሱቅና ስለ ልጅ ልጆቻቸው እየተጨዋወቱ አሳለፉ። ሥጋ ወደሙ ተቀብለው፣ ማክሰኞ ኅዳር 23 ቀን 2018 ዓ.ም. ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ በተወለዱ በስድሳ ስድስት ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም ዐረፉ።

ወይዘሮ አሰፋሽ ባለትዳር፣ የሁለት ልጆች እናትና የሦስት ልጆች አያት ነበሩ። ባለቤታቸው አቶ ፈቃደ ደምሴ፣ ልጆቻቸው ይስሃቅና ፅዮን፣ የልጅ ልጆቻቸው፣ ወንድማቸው አሳምነውና ሁለት እኅቶቻቸው ያዝናሉ። ከዴራ፣ ከአቦምሳና ከአዲስ አበባ መጥታችሁ ያጽናናችሁንን፣ በተለይም ጎህ ሳይቀድ ተነሥታችሁ ከቡርቃ የወረዳችሁትን ወገኖቻችንን ቤተሰቡ ከልብ ያመሰግናል። ከመካከላችሁ በዚያ ውሃ ምክንያት ሰው የቀበራችሁ እንዳላችሁ እናውቃለን። ይህን እያሰባችሁም ዛሬ እርሳቸውን ለመቅበር መጥታችኋል።

መሐሪው አምላክ የእኅታችንን ነፍስ በሰላም ይቀበልልን። ለተሳሳቱት ምሕረትን፣ ለደከሙት ዋጋን ይስጥልን። በዚያ ውሃ ምክንያት ቀድመዋቸው የሄዱትንም ነፍሳቸውን ያሳርፍ፤ ለቀረነው መጽናናትን ያድለን። አሜን።